በልክ የሚሠራ ኪችን ካቢኔት በሰንጋ ተራና በልደታ ቤቶች፦ እንጨቱ ጥሩ፣ ንድፉ ግን ምጣድ የረሳ

በአዲስ አበባ ያሉ የኪችን ካቢኔት ቤቶች አሠራር ተቀራራቢ ነው። ልክ የሚወስድ ሰው ይልካሉ፣ በኮምፒውተር ሥዕል አውጥተው ያሳያሉ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው ከሳምንታት በኋላ ይገጥማሉ። እዚህ የምንገመግመው 3 ሜትር በ1.80 በሆነ የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ውስጥ በዚሁ መንገድ የተሠራ ሥራ ነው። ሰንጋ ተራ 40/60 ኮንዶሚኒየምም ሆነ ልደታ፣ ጠባብ ማዕድ ቤት ያለው ሰው የሚገጥመው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አናጺነቱ ያስመሰግናል። በሩ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ነው፤ ማጠፊያው ቀስ ብሎ የሚዘጋ፣ መሳቢያው ሙሉ ለሙሉ የሚወጣ፣ የበሮቹ መስመር የተስተካከለ። ችግሩ ሥዕሉ ላይ ነው። ፍሪጅ፣ ኦቨን፣ የጭስ መሳቢያ፣ የልብስ ማጠቢያ ሁሉም ቦታ አግኝተዋል፤ ምጣድ ግን የለም። ልክ ሊወስድ የመጣው ሰው ስለ ምጣድ አልጠየቀም። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት መጀመሪያ ቦታ የሚያዘው ለምጣድ መሆን ነበረበት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ፊቱ 60 ሴንቲ ገደማ ነው፤ ከነቆርቆሮው ደግሞ ከ65 እስከ 70 ይደርሳል። የካቢኔቱ ጠረጴዛ ጥልቀት 60 ስለሆነ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አንድ እግሩም አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ የሚብሰው ከፍታው ነው። ጠረጴዛው 90 ሴንቲ ነው፤ ምጣዱ ራሱ 20 ሴንቲ ያህል ይጨምራል። ጋጋሪዋ 110 ሴንቲ ላይ ሊጥ ልታዞር ነው ማለት ነው። ክንዷ ትከሻዋ ድረስ ይነሣል፣ የምጣዱን መሃል ከላይ ማየት አትችልም፣ አክንባሎውን ስትከፍት እንፋሎቱ ፊቷን ይመታል። እንጀራው አንድ ወገን ወፍሮ ሌላው ወገን የሚሳሳው ብዙ ጊዜ ከሊጡ ሳይሆን ከዚህ የተነሣ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው የጠረጴዛ ጫፍ 75 ሴንቲ ስፋትና 70 ጥልቀት ኖሮት ወደ 70 ሴንቲ ከፍታ ዝቅ ይበል። ያኔ የምጣዱ ፊት ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ጋር እኩል ይሆናል፤ እንጀራው ሳይነሣና ሳይንጠለጠል ተንሸራቶ ሰፌዱ ላይ ያርፋል። ለሰፌዱ ከምጣዱ ቀጥሎ 60 ሴንቲ ባዶ ጠረጴዛ ይተውለት። በቀረው ላይ 50 ሴንቲ የምትሰፋ ምድጃ፣ 35 ሴንቲ ጠረጴዛ፣ መጨረሻ ላይ 80 ሴንቲ ሲንክ። ድምሩ ልክ 3 ሜትር ነው። ፍሪጁ ከማዕድ ቤቱ በር ውጭ፣ ከኋላና ከጎን 5 ሴንቲ መተንፈሻ ተትቶለት ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ሞተሩ ስለማያርፍ የመብራት ካርዱን ቶሎ ይጨርሳል።

ካቢኔት ቤቱ ያቀረበው ሥዕል በሁለቱም ግድግዳ 60 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ካቢኔት ነበር። በወረቀት ያምራል። ነገር ግን ከ1.80 ላይ 1.20 ሲቀነስ መተላለፊያው 60 ሴንቲ ይሆናል፤ የኦቨኑ በር ወደ ታች ሲከፈት ፊቱ የሚቆም ሰው ቦታ ያጣል። ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ የሆነ መደርደሪያ ይበቃል፤ ሹሮውም፣ በርበሬውም፣ ሰሃኑም ይገባበታል፣ 90 ሴንቲ መተላለፊያም ይተርፋል፤ ጥልቀቱ 70 በሆነው በምጣዱ ፊት ብቻ 80 ይሆናል።

ኤሌክትሪኩ የዚህ ሥራ ትልቁ ድክመት ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህ ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው መጠን ነው። ገጣሚዎቹ ምጣዱንም ምድጃውንም ከአንድ ሶኬት በዲቫይደር እንዲወስዱ አድርገው ሄዱ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ብሬከሩ ባይወርድ ደግሞ ይብሳል፦ ሶኬቱ ውስጥ የመሰኪያውን እግር የሚይዘው ብረት እየጋለ እየቀዘቀዘ ይላላል፣ የላላው የበለጠ ይግላል፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሶኬቱ ዙሪያ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ካያችሁ ምጣዱን ወዲያው ንቀሉ። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፔር ብሬከር፣ ከምድር ሽቦ ጋር ያስፈልገዋል። ይህ ካቢኔቱ ከመገጠሙ በፊት ካልተሠራ በኋላ የተገጠመውን ማፍረስ ይጠይቃል። አንድ ነገር እግረ መንገድ፦ በበዓል ዋዜማ ቮልቴጁ ወርዶ 190 ከደረሰ ምጣዱ የሙቀት ኃይሉን ሩብ ያህል ያጣል። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ሲቀር ጥፋቱን አብሲቱ ላይ አትጣሉ።

ከምጣዱ በላይ ካቢኔት አይሰቀል። እዚህ ተሰቅሎ ነበር፤ እንፋሎቱ በየጊዜው ታችኛውን ጠርዝ እየመታ የጠርዙን ልባጥ ይልጠዋል። የተገጠመው የጭስ መሳቢያም ቱቦው ወደ ውጭ ያልወጣ፣ አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ ወደ ቤት የሚመልስ ነው። ሽታና ቅባት ይቀንሳል፤ እንፋሎት ግን አያወጣም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሽንብራም ሥጋም ረጅም ጊዜ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱም በዚያው ልክ ይበዛል። ቱቦ ማውጣት ካልተቻለ የመስኮት አየር ማውጫ ፋን ከዚህ የጭስ መሳቢያ ይሻላል።

የላይኛው ካቢኔት አሰቃቀል ሌላው የሚያሳስብ ነገር ነው። የክፍል መለያው ግድግዳ ሆዱ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ብሎን የሚይዘው ተራ የፕላስቲክ ፊሸር እዚያ ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። ሰሃን የሞላ ካቢኔት በሁለት ፊሸር መስቀል አደጋ ነው። በካቢኔቱ ወርድ ሙሉ አግድም የሚሄድ የብረት ሐዲድ አስገጥሙ፤ ሐዲዱም ኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) ላይ ወይም ግድግዳውን ወግቶ በሌላ ወገን በብረት ሳህን በሚታሠር ረጅም ብሎን ይያዝ።

ሲንኩ ሥር ያለው ካቢኔት ከቺፑድ ነው የተሠራው። ለሲንክና ለቱቦ የተቆረጠው ጠርዝ በሲልኮን ካልተሸፈነ አንድ ጊዜ ከራሰ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላም አይመለስም። እዚህ ጠርዙ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሲንኩ ሥር መሳቢያ አታስገጥሙ፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያስቆም ባዶ ቦታ ይሁን። ጀሪካኑ ከሲንኩ ቧንቧ ሥር ስለማይገባም ከጎን ዝቅ ያለ፣ ጎማ የሚቀበል ቧንቧ አስወጡ።

የቡታ ጋዙን ሲሊንደር በር ባለው ካቢኔት ውስጥ ዘግተውበት ነበር። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወለሉ ላይ ይተኛል። የካቢኔቱ በር ታችኛው ክፍል ላይ ቢያንስ ሁለት ሰፊ ቀዳዳ ይውጣለት፤ ጎማውም በኦቨኑ ጀርባ አይለፍ።

ይህን አገልግሎት ትጠቀሙ ዘንድ እንመክራለን፤ ግን ልክ የሚወስደው ሰው ሲመጣ ምጣዳችሁን፣ ሰፌዳችሁንና ትልቁን የዶሮ ወጥ ድስት አውጥታችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡለት፣ በሜትር ይለካቸው። ግድግዳውንም ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ሦስት ቦታ ይለካ፤ በእነዚህ ቤቶች ግድግዳ በ2 ሴንቲ መዛነፉ የተለመደ ነው፣ ካቢኔቱም መሠራት ያለበት በትንሹ ልክ ነው። ከክፍያው አንድ አምስተኛውን እስከ ርክክብ ያዙ። ርክክብ ላይ ሲንኩን እስከ አፉ ሙሉት፣ በአንድ ጊዜ ልቀቁት፣ በእጅ ባትሪ ሥሩን ተመልከቱ። ምጣዱንና ኦቨኑን አብራችሁ ለግማሽ ሰዓት አቆዩና አጥፍታችሁ ከነቀላችሁ በኋላ የመሰኪያዎቹን ፕላስቲክ በእጃችሁ ዳስሱ፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ።