ፊደል በራፕ፦ አራት ኪሎ ያገኘሁት የልጆች ክፍል

ልጄን አራት ኪሎ አካባቢ በሂፕ ሆፕ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር የቅዳሜ ክፍል አስገባኋት። በጣም ወድጄዋለሁ! አስተማሪው ቢቱን (የሙዚቃውን ምት) ይለቅና ልጆቹ እያጨበጨቡ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ከተጀመረ ሙዚቃ ጋር ፊደላችን እንዲህ ይገጥማል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ግን የቄስ ትምህርት ቤት ልጆችም ፊደል የሚቆጥሩት በዜማ ነው።

ምርጡ ግን ግጥም መጻፉ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ፊደል ስለሆነ፣ ልጅቷ አንዱን ስንኝ «ቡና» ብላ ከጨረሰች በ«ና» የሚያልቅ ሌላ ቃል ፍለጋ ትገባለች፤ ደመና፣ ጤና፣ ገና እያለች ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ «ና»ን ከ«ነ» መለየትም በዚያው ይገባታል። 231ዱን ፊደል ገበታ ላይ ብቻ ከማሸምደድ በስንት ጣዕሙ። ከዚያ የጻፈችውን ራሷ አንብባ ራፕ ታደርገዋለች። ዓይን አፋሮቹን ማይክ ያዙ ብሎ የሚያስገድድ የለም፣ ይሄ ደስ ብሎኛል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ስፒከሩም ይጮኻል፤ ቢቀንሱት ጥሩ ነው። የእጅ ጽሕፈት ጊዜውም ያንሳል። ፊደል መቁጠር የጀመረ ግን ማንበብ የሚሰለቸው ልጅ ካላችሁ ውሰዱት። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ አይሰጡም።