የሦስት ቀን የሆድ ማጽጃ ሻይ፦ ተፈትቶ፣ ተመዝኖ፣ ተፈልቶ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባሉ ሱቆች «የሦስት ቀን ዲቶክስ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባት ከረጢት ትሸጣለች። ውስጧ ስድስት የሻይ ከረጢቶች አሉ፤ መመሪያው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ጠጡ ይላል። ደም ያጠራል፣ ጉበት ያጥባል፣ ቦርጭ ያጠፋል፣ ትል ያወጣልም ይላል። የአዘጋጁ አድራሻና የምዝገባ ቁጥር ግን የለበትም። ከሁሉ በላይ የጎደለው ደግሞ በእያንዳንዱ ከረጢት ምን ያህል ምን እንዳለ የሚገልጽ ልኬት ነው።

አንዱ ሻይ ተቀዶ ነጭ ሳህን ላይ ሲዘረገፍ የደረቀ ዝንጅብል ስብርባሪ፣ የእንስላል ፍሬ፣ አብሽ፣ ጥቂት ጥቁር አዝሙድና ግራጫ የሚያጠላበት አረንጓዴ የቅጠል ቁራጭ ይታያል። ቅጠሉ ሰናመኪ ነው። ሥራውን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አጃቢ ናቸው። እንስላሉና ዝንጅብሉ ቁርጠቱን ለማለዘብ ይረዳሉ፣ መዓዛም ይሰጣሉ። ሰናመኪ ውስጥ ያሉት ሴኖሳይድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ጨጓራን እንዲሁ አልፈው ትልቁ አንጀት ሲደርሱ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይፈቷቸዋል። ያኔ አንጀቱ ይገፋል፣ ውሃውም ወደ ሰውነት ሳይመለስ ከሰገራው ጋር ይቀራል። ከተጠጣ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው፦ በሁለት ሰዓት ምንም ሳይሰማቸው ሲቀር «አልሠራልኝም» ብለው ሁለተኛ ይደግማሉ፣ ሌሊቱን ሁለቱ አንድ ላይ ይነሳሉ።

ቅጠሉ ተለቅሞ ለብቻው ሲመዘን 2.5 ግራም ገደማ መጣ። ደህና ሰናመኪ ከክብደቱ 2.5 ከመቶ ያህል ሴኖሳይድ ስላለው፣ 1 ግራሙ ወደ 25 ሚሊግራም ይይዛል። ለአዋቂ ሰው የተለመደው የቀን መጠን ከ15 እስከ 30 ሚሊግራም ነው። አፍልቶ መጠጣት ሁሉንም እንደማያወጣ ቢታሰብ እንኳ፣ መመሪያው እንደሚለው በቀን ሁለት ከረጢት 5 ግራም ቅጠል ስለሆነ እጅግ ይበዛል። ብርቱ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽና ውሃ የሆነ ተቅማጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። «መርዙ እየወጣ ነው» የሚሉ አሉ፤ እየወጣ ያለው ግን ውሃና ጨው ነው።

ጠዋት መጠጣቱም አይመከርም፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ወይም መንገድ ላይ ይደርሳል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የተጠጣ ሌሊት ዘጠኝና ጠዋት ሦስት ሰዓት መካከል ይነሳል፤ ቤት ውስጥ እያላችሁ ያልቃል። ውሃ በፈረቃ የሚደርሳችሁ ከሆነ ፈረቃችሁን ጠብቁ፣ በርሜሉና ጀሪካኑ ሳይሞላ አትጀምሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከረጢቱን ቀዶ ግማሹን ብቻ ይጠቀም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቢሆንም እሳት ላይ እያንተከተኩ ማቆየት ሳያስፈልግ፣ የፈላ ውሃ አንድ ብርጭቆ ላዩ ላይ አፍስሶ በክዳን 10 ደቂቃ መሸፈን ይበቃል። ክዳኑ የእንስላሉ መዓዛ በእንፋሎት እንዳይሄድ ይጠብቃል። ሆዱ ለቁርጠት የሚቸኩል ደግሞ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ አሳድሮ አጥልሎ ቢጠጣ ይሻለዋል፤ ቁርጠት የሚያመጣው ሙጫ መሰል ነገር በቀዝቃዛ ውሃ ብዙም አይወጣም። ጣዕሙ መራራ ነው፣ ትንሽም ዝልግልግ ይላል፤ ማር ቢጨመርበት ሥራውን አያበላሽም።

በእነዚያ ቀናት መጾም አያስፈልግም። አጥሚት፣ በርበሬ ያልገባበት የምስር ሾርባ፣ ለስላሳ እንጀራ በአልጫ ይበቃል። ጥሬ ሥጋ፣ ጠላና አረቄ ይቅሩ። ተልባ መጨመር የሚፈልግ ተቆልቶ የተወቀጠውን አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ያስከትልበት። ውሃ ሳይበቃው የገባ ተልባ አንጀት ውስጥ አብጦ ይዘጋል። ተቅማጡ ከሦስት ጊዜ ካለፈ ሻዩ እዚያው ይቁም፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው። ሽንት ወደ ቀላ ያለ ቡኒ ቢለወጥ ከሰናመኪው ነው፣ ሲተው ይጠፋል።

ትል ያወጣል የሚለው ሐሰት ነው። ብዙዎች ይህችን ሻይ የለዘበች ኮሶ አድርገው ያዩዋታል፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ኮሶ የሴቴዋ ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆና ተወቅጦ የሚጠጣ የትል መድኃኒት ነው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሳይቀር ሥሎ የጻፈለት። መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ድረስ ስለሚጎዳ ዛሬ የሚመከር አይደለም። ሰናመኪ ደግሞ ትል አይገድልም። ሰገራ ላይ የሚታየው ዝልግልግ ክር ንፍጥ ወይም ያበጠ ተልባ ነው። የዱባ ፍሬ የሚመስል ነጭ ጠፍጣፋ ነገር ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራ ያስመርምር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ለአሜባና ለጃርዲያም ይህች ሻይ ምንም አትፈይድም። ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን ራሳቸው ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ በሰናመኪ አይታጠቡም። ሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽም የወጣው ሰገራና ውሃ ስለሆነ፣ በደንብ ሲበላና ሲጠጣ ይመለሳል።

ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም ያለበት ሰው በፍጹም አይንካት፤ ሕመሙ ትርፍ አንጀት ከሆነ ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር መውሰድ አደጋ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የኩላሊት በሽተኛ፣ ዲጎክሲን ወይም እንደ ፉሮሴማይድ ያለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ የልብ ሕመምተኛም እንዲሁ፤ በተቅማጡ ምክንያት ፖታሲየም የሚባለው የደም ጨው ሲወርድ ልብ ምቷን ታዛባለች። አብሹ ስኳር ስለሚያወርድ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ያሰጋል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድም ብርቱ ተቅማጥ ከያዛት እንክብሉ ሳይሠራ ሊወጣ እንደሚችል ትወቅ።

ለሆድ ድርቀት አንድ ሁለት ሌሊት ትሠራለች፤ ይህን አንክድም። ከሳምንት በላይ ማዘውተር ግን አንጀትን ያለ እሷ እንዳይሠራ ሊያስለምደው ይችላል። ልኬቷ ሳይጻፍባት እንድትገዟት አንመክርም። ቅዳሜ ገበያ ቅመም ተራ ሰናመኪውን፣ እንስላሉንና ዝንጅብሉን ለየብቻ መግዛት ይቻላል። ቅጠሉ ሙሉ የሆነውን ምረጡ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የሾለ፣ ግርጌው ላይ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ያለ ነው። ዱቄት የሆነውንና ያቢጫጨውን ተዉት። 1 ግራም ቅጠል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንስላል፣ አንድ ስስ ቁራጭ ዝንጅብል፤ ለአንድ ሌሊት ይኸው ነው።