«እማማ» ብሎ መጻፍ የማይችል የፊደል ሳጥን

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ካርቶን ሳጥን ውስጥ የተደረደሩ 33 የእንጨት ኩቦች ናቸው። ሀ የራሱ ኩብ አለው፣ ለ የራሱ፣ እንዲህ እያለ እስከ ፐ ይዘልቃል። ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ የልጆች ዕቃ መሸጫ በ1,850 ብር ገዛሁት። ዋጋውን ስሰማ ደንገጥ ብዬ ነበር። ግን ልጆቹን ከኬጂ አስወጥቼ ቤት ላስተምር የወሰንኩበት ሳምንት ስለነበር ፊደል የተጻፈበት ነገር ሁሉ እጄን ወደ ቦርሳዬ ይልከው ነበር።

ለምን አስወጣሻቸው ለምትሉኝ፣ በአጭሩ። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 4። ድሮ ፒያሳ በእግራችን የምናደርሳት መዋዕለ ሕፃናት በ2016 በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከቦታው ሲነሳ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት አስገባኋት፣ በኋላም ትንሹ ተከተላት። ሰርቪሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በራችን ላይ ክላክስ ያደርጋል። ማታ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ይተኛሉ፣ ከዚያ ቀስቅሼ የቤት ሥራ አሠራቸዋለሁ። የ4 ዓመት ልጅ የቤት ሥራ! ይሄን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ትልቋ ዩኬጂ ጨርሳ ኤ ቢ ሲ ዲን በዜማ እያወረደች የገዛ ስሟን በአማርኛ መጻፍ ሲያቅታት ነው። አንደኛ ክፍል በ7 ዓመቷ ትገባለች፣ እስከዚያ እኔው ጋ ትቆይ አልኩ። የምሠራው ሂሳብ ነው፣ የአነስተኛ ነጋዴዎችን መዝገብ እቤት ሆኜ እይዛለሁ፤ ስለዚህ ጠዋት ፊደል፣ ከሰዓት ደረሰኝ።

ሰው ግን ሆም ስኩል ስትሉት የሚገባው ሌላ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ልጆቹን በሥራ ቀን ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ አይታ «ምነው፣ ታመው ነው?» አለችኝ። አይ፣ ቤት እያስተማርኳቸው ነው ስላት «እግዜር ይማራቸው» ብላኝ ሄደች።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ከጥሩ ጎኑ ልጀምር። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ተፈግፍጓል፣ ስንጥር የሚባል ነገር የለውም። ኩቡ ለ4 ዓመት ልጅ እጅ ልክ ነው። ትንሹ የመጀመሪያ ቀን ሠላሳ ሦስቱንም ከምሮ ግንብ ሠራና በካልቾ ናደው። ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ከታች ያሉ ጎረቤቶቻችን ይቅር ይበሉኝ።

ጉዱ የታወቀው አባባ ሲመጡ ነው። አባባ አባቴ ናቸው፣ ፊደል የቆጠሩት በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ ነው፤ በስንደዶ እየተጠቆመላቸው። የሀን ኩብ አነሱና በእጃቸው እያገላበጡ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ» ብለው ወረዱ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ኩቡን አንድ ዙር መልሰው አዩት።

«ሳብዑስ?» አሉኝ።

ኩብ ስድስት ፊት ነው ያለው። ፊደላችን ደግሞ ሰባት ነው። ይሄን ዕቃ የሠራው ሰው የፈረንጅ ፊደል ኩብ አይቶ ቀድቷል፣ ቀድቶም እስከ ሰባት አልቆጠረም። ወይም ቆጥሮ እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው የባነነው፤ ምክንያቱም ሳጥኑ ሥር አንድ ፖስታ አለ፣ ፖስታው ውስጥ 33 ትንንሽ የወረቀት ካርዶች አሉ። ሆ፣ ሎ፣ ሖ፣ ሞ፣ ሁሉም እዚያ ታጭቀዋል። 198ቱ ፊደል እንጨት ላይ፣ 33ቱ ወረቀት ላይ። ካርዶቹ በሁለት ሳምንት ጫፋቸው ተጣጠፈ፣ ጦ ሶፋ ሥር ጠፍታ ገና አልተገኘችም፣ ዶሮ የሚለው ቃል ደግሞ ሁለቱም ፊደሎቹ ሳብዕ ስለሆኑ በእንጨት አይጻፍም። ትንሹ «ሎ ለምንድነው እንጨት የሌላት?» አለኝ። ድሃ ስለሆነች ነው እንዳልለው ነገ ለሰው ይነግራል። ዝም አልኩ።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። ከእያንዳንዱ ፊደል አንድ ኩብ ብቻ ነው ያለው። ማ አንዴ ከዋለች ሌላ ማ የለም። ስለዚህ «እማማ» መጻፍ አይቻልም። «አባባ»ም አይቻልም። ልጅ መጀመሪያ መጻፍ የሚፈልጋቸው ሁለት ቃላት እነዚህ አይደሉም እንዴ? ትልቋ እ እና ማ ደርድራ ሁለተኛዋን ማ ሳጥኑ ውስጥ ስትፈልግ ቆይታ መጨረሻ ላይ «እማ ይበቃሻል» አለችኝ። እንደ ቋ ያሉት ዲቃላ ፊደሎችም የሉም፣ እና «ቋንቋ» የሚለውን ቃል በቋንቋ ማስተማሪያው ዕቃ መጻፍ አትችሉም።

ሦስተኛው ቀለሙ። ፊደሎቹ በጥቁር ቀለም የታተሙ ናቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውሉት ይለቃል። መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ከላይ ያለው ሰረዝ ነው። ታውቃላችሁ፣ ሸ ቆብ ያደረገ ሰ ነው፤ ቸ ቆብ ያደረገ ተ፣ ኘ ቆብ ያደረገ ነ፣ ዠም ጀም እንደዚሁ። እንደውም ለልጆቹ ያስተማርኳቸው እንዲህ ብዬ ነው፣ በጣም ገብቷቸው ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የኘ ቆብ ወለቀ። የጀ ቆብ ተከተለ፣ ጀበና «ደበና» ሆነ። ሱቁ ደውዬ ነበር። ልጅቷ በጣም ትሁት ናት፣ «እናቴ፣ ውኃ ማስነካት አልነበረብሽም» አለችኝ። የ4 ዓመት ልጅ አፉ ውስጥ የሚከተውን ዕቃ ሳላጥብ? ይቀየርልኝ ስላት ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀየርም አለች። ሳይከፈት ቆቡ መውለቁን በምን አውቃለሁ፣ እሱን አልነገረችኝም።

እንግዲህ እስካሁን ያነበበ ሰው ዕቃውን ጥላዋለች ይላል። አልጣልኩትም፣ በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ምክንያቱን ላስረዳ።

ግድግዳችን ላይ ከ100 ብር በታች የገዛሁት ተራ የፊደል ገበታ አለ። ትልቋ እሱን በአንድ ወር ሸመደደችው። ሀ ሁ ሂ ሃ እያለች እስከ ታች በዜማ ታወርደዋለች። እኔም ጉድ ነው ብዬ ለእህቴ በቪዲዮ ላኩላት። ከዚያ አንድ ቀን መሃል ላይ ጣቴን አድርጌ «ይቺ ማናት?» አልኳት። ዜማውን ከሀ ጀመረችው። አላወቀቻትም፤ የምታውቀው ዘፈኑን ነው። አባባ ሳቁብኝና «አቡጊዳ የተሠራው ለምን ይመስልሻል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብሎ እየዘለለ የሚሄደው ልጁ በዜማ እንዳያታልል፣ ፊደሏን በመልኳ እንዲያውቃት ነው። እኔ ስንት ዓመት «አቡጊዳ» ስል ኖሬ ይሄን አስቤው አላውቅም።

ኩቡ የሚሠራው ይሄንኑ ሥራ ነው። እንደ ዳይስ ትጥሉታላችሁ፣ ከላይ የወጣውን ያነባሉ። ዜማ የለ፣ ተራ የለ። ትንሹ ልጄ ፊደል የለየው በዚህ ነው፤ አምስት ኩብ ይጥላል፣ ያወቀውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ያላወቀው የእህቱ ነው። በርግጥ ይሰርቃል። ሳጥኑ ላይ ይሄ ጨዋታ አልተጻፈም፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው «የልጅዎን አእምሮ ያበለጽጋል» ብቻ ነው።

ሌላው ጥቅሙ ከውጭ ያዩትን ይዘው መጥተው መሥራታቸው ነው። በሳምንት አንድ ቀን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን፣ 2014 ላይ ከተከፈተ ጀምሮ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰፈር ትልቅ ጸጋ ነው፣ ምንም ሳትከፍሉ ልጅ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ። «አብርሆት» በአንድ ሳጥን የሚጻፍ ቃል ነው፣ ሆ ብቻ በካርድ። ባለፈው ደግሞ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን አሳየኋቸው። 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ስላቸው ትንሹ «ከአባባ ትበልጣለች?» አለ።

እቤት ስንደርስ ትልቋ ድንቅነሽን ልትጽፍ ተቀመጠች። ድ፣ ን፣ ቅ አለችና ቆመች። ነ የለም፣ ኩቡ ን ላይ ውሏል። እኔ ወረቀት ላይ ልጽፍላት እስክሪብቶ ስፈልግ እሷ ቆቡ የወለቀውን የኘ ኩብ አነሳች፣ አገላበጠችና አራተኛው ቦታ ላይ አደረገችው። ኘ ቆቡን ካወለቀ ነ ነዋ! ሽን ጨመረች፣ ድንቅነሽ ሆነ። እንዳላለቅስ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፣ በ1,850 ብር አትግዙት። ግማሹን ካሉ ግዙ። ገበታውን ግን አስቀድሙ፣ እሱ ሰባቱም አሉት። ከገዛችሁ ደግሞ ሳይነካ በፊት ላዩን ቫርኒሽ ቀቡት፣ ፖስታውን ከትንሽ ልጅ አርቁ።

የእኛን ቆቦች በቀይ የጥፍር ቀለም መልሼ ሥያቸዋለሁ፣ ከኘ በስተቀር። ኘን ትልቋ ከለከለችኝ፣ ሁለተኛ ነ ያስፈልገኛል ብላ። ይሄው ሳጥን ኖሯችሁ ልጆቻችሁ ያደጉባችሁ ካላችሁ የመ እና የበ ኩብ እገዛለሁ። ጦም ብትኖር አልጠላም።