«ሊኑክስ ላይም ትሠራለች» የምትባለውን ርካሽ የብሉቱዝ ዶንግል አትግዙ

ዶንግሏን ታውቋታላችሁ። ጥፍር የምታክል፣ ለኮምፒውተር ብሉቱዝ እንድትሰጥ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ። ማሸጊያዋ ላይ «ሲኤስአር 4.0» ተጽፏል። አንዳንዴ «5.0» ይላል፤ ቁጥሩ የብሉቱዙ ቨርዥን ነው። ሻጩ «ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሲስተም) ላይም ችግር የለባትም» ካላችሁ ግማሽ እውነት ነው። ችግሩ ያለው በቀረው ግማሽ ላይ ነው።

ሲኤስአር የካምብሪጅ፣ እንግሊዝ ቺፕ ሠሪ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካው ቺፕ ሠሪ ኳልኮም ጠቀለለው። ሲኤስአር8510 የተባለው ቺፑ ስም ስላወጣ ፎርጅዱ ገበያውን ሞላው። ፎርጅዱ ሲሰካ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው መለያ ቁጥር እንኳ ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ ነው፦ 0ኤ12፡0001።

ይህ ለከርነሉ፣ ማለትም ለሊኑክስ እምብርት፣ ትልቅ ራስ ምታት ነው። በተለምዶ ጉድለት ያለበት ዕቃ በመለያ ቁጥሩ ተለይቶ ይመዘገባል፤ ለእሱ የሚሆነው መላም እዚያው ይቀመጣል። ሌላው ኮድ ንጹህ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ግን ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ለፎርጅዱ የታሰበው መላ ኦሪጅናሉንም ሊነካ ነው። ስለዚህ የብሉቱዙ ድራይቨር (ከርነሉ ውስጥ ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ይመረምራል። ዕቃው አምራቹን ማን ነው ይላል? የሚናገረው ቨርዥን ከሌላው መረጃ ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ ፎርጅድ ነው ብሎ፣ «እችላለሁ» እያለ የማይችላቸውን ትእዛዞች መላክ ይተዋል። እንዲያውም አንዱ ዓይነት ቺፕ መረጃ እንዲቀበል አንዴ በግድ እንዲተኛ ይደረጋል! ፋብሪካው የቆጠባትን ሳንቲም የሚከፍሉት የከርነሉ ፕሮግራመሮች ናቸው።

መላው ደግሞ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ገደማ ድራይቨሩ ላይ የመረጃ አቀባበልን የሚያስተካክል ለውጥ ገባ። ፎርጅዶቹ አልቻሉትም፤ ትእዛዝ ሲላክላቸው መልስ ጠፋ። ለእነሱ ሲባል ሌላ ማስተካከያ መጨመር ነበረበት። አፕዴት አድርጋችሁ ጆሮ ማዳመጫችሁ ድንገት እምቢ ቢል መነሻው ይህን የመሰለ ነገር ሊሆን ይችላል። የከርነል ሰዎች እንዲህ ያለውን ኮድ ለማስገባት ሲያንገራግሩ «ግትሮች» የሚላቸው አለ። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ኦሪጅናል የገዛ ሰው በሌላው ፎርጅድ ምክንያት ለምን ይቸገር?

ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያውን አንብቡ። ሲኤስአር8510 የብሉቱዝ 4.0 ቺፕ ነው። «ሲኤስአር8510፣ ብሉቱዝ 5.0» የሚል ካያችሁ ውሸቱ እዚያው ላይ ተጽፏል። የቺፑን ስም ጭራሽ የማይነግራችሁን ሻጭም እለፉት።

ገዝታችሁ ከሆነ ሰክታችሁ የከርነሉን ሎግ (የሚመዘግበውን መልእክት) ክፈቱ። ስም የለሽ የሲኤስአር ቅጂ እንደተገኘና መላ እየተጨመረለት እንደሆነ የሚገልጽ መስመር ካለ ፎርጅድ ነው። ስክሪኑን ፎቶ አንሱና የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ መልሱት። ሻጩ «ይኸው ይሠራል እኮ» ቢላችሁ አትስሙት፤ የሸጠላችሁ ሲኤስአር ብሎ ነው።

በምትኩ ሪልቴክ 8761ቢ ቺፕ ያለበትን ፈልጉ። ከርነሉ በራሱ ስም ያውቀዋል። ፈርምዌር ፋይል (ቺፑን ራሱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ይፈልጋል፤ እሱም በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የፈርምዌር ጥቅል ውስጥ አብሮ ይመጣል።