አይፒአይፒ-ኒዮ 120፦ ነፃው የሰብዕና መመዘኛና የውጤቱ አነባበብ

የሰብዕና ፈተና ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው በአራት ፊደል ውጤት የሚሰጠውን፣ ወይም ሳንጉዊን፣ ኮሌሪክ፣ ሜላንኮሊክ፣ ፍሌግማቲክ እያለ የሚመድበውን ነው። በምድብ የሚሠራ ፈተና መሃል ላይ ያለውን ሰው በግድ ወደ አንዱ ወገን ይጥለዋል። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ጆንሰን ያዘጋጁት አይፒአይፒ-ኒዮ 120 ግን የእያንዳንዱን ባሕርይ መጠን ይለካል። ነፃ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ክፍያ ከማይጠይቁት ሁሉ ይህን እናስቀድማለን።

120 አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚገልጽዎ በ5 ደረጃ ይመልሳሉ። አምስት ዋና ባሕርያት ይለካሉ፦ ተግባቢነት፣ ተስማሚነት፣ ጥንቁቅነት፣ የስሜት ተናዋጭነት (በቀላሉ መጨነቅና መረበሽ) እና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን። በየአንዳንዱ ሥር 6 ንዑስ ባሕርያት አሉ፣ ለንዑሱ 4 ጥያቄ።

ሲመልሱ መሆን የሚመኙትን ሳይሆን አሁን የሆኑትን ይመልሱ፤ ራስዎን በፆታና በዕድሜ ከሚመስሉዎት ጋር ያነጻጽሩ። አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ተገልብጠው የተጻፉ ናቸው፦ «ሰው የሚበዛበትን እሸሻለሁ» የሚለውን አጥብቆ መቀበል የተግባቢነትን ነጥብ ይቀንሳል። በጥድፊያ አንድ ዓይነት መልስ እየመረጡ መውረድ ውጤቱን ያዛባዋል። ዕድሜና ፆታም በትክክል ይሞሉ፤ ንጽጽሩ በእነሱ ላይ ነው።

ዋናው ስህተት ቁጥሩን እንደ ትምህርት ቤት ማርክ ማንበብ ነው። በጥንቁቅነት 35 ማግኘት ከ100 ወድቆ 35 ማምጣት አይደለም፤ በዕድሜና በፆታ ከሚመስሉዎት መቶ ሰዎች 35ቱን ያህል ይበልጣሉ ማለት ነው። ሪፖርቱ የታችኛውን 30 በመቶ ዝቅተኛ፣ መካከለኛውን 40 አማካይ፣ የላይኛውን 30 ከፍተኛ ይላል። ስለዚህ 35 አማካይ ነው። በ29 እና በ31 መካከል የስም ለውጥ እንጂ የሰው ልዩነት የለም።

ከዋናው ይልቅ ንዑሶቹን ያንብቡ። በተግባቢነት 50 ያገኘ ሰው በወዳጅነት 85፣ ግርግር በመውደድ 15 ሊኖረው ይችላል፤ ሰው ይወዳል፣ ድግስ ግን ያደክመዋል። 50 ብቻ ቢታይ ይህ ሁሉ ተሰውሮ ይቀር ነበር። ሆኖም ንዑሱ በ4 ጥያቄ ብቻ ስለሚለካ አንድ መልስ መቀየር ብዙ ያንቀሳቅሰዋል፤ በጥቂት ነጥብ ልዩነት አይጨነቁ። «ድባቴ» የሚለው ንዑስም የዝንባሌ መለኪያ ነው፣ የሐኪም ምርመራ አይደለም።

ጉድለትም አለው። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው፣ ማነጻጸሪያ የሆኑት ሰዎችም በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው። ለኢትዮጵያዊ የሚበላሸው በተለይ «ሊበራሊዝም» የተባለው ንዑስ ነው፦ ከ4 ጥያቄዎቹ ሁለቱ ለሊበራል ወይም ለወግ አጥባቂ ዕጩ ድምፅ መስጠትን ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ምርጫ ለማያስብ ሰው ያ መስመር ትርጉም የለውም፤ ይለፉትና በዚያው ባሕርይ፣ ማለትም ለአዲስ ነገር ክፍት በመሆን ሥር፣ ያሉትን ሌሎቹን አምስቱን ያንብቡ።