አባቴን በአዲሮንዳክ ሐይቆች ላይ ላንሸራሸሩልን የጀልባ መሪ ምስጋና፣ ለምትሄዱም ጥቆማ

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ከባሕር ዳር ሊጠይቁን የመጡትን አባቴን ይዘን በሰሜናዊ ኒው ዮርክ ወደሚገኙት የአዲሮንዳክ ተራሮች ሄደን ነበር። እዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ያስጎበኙንን ባለፈቃድ የጀልባ መሪ በአደባባይ ማመስገን ይገባኛል። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ አገልግሎታቸውን የምትሹ ወገኖች በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ አገናኛችኋለሁ።

መጀመሪያ የደወልንለት ድርጅት የአባቴ ዕድሜ 78 መሆኑን እንደሰማ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ አይሆንም ብሎን ነበር። እኚህ ሰው ግን ዕድሜውን ትተው፣ አባቴ ዝቅ ብለው ተቀምጠው ለመነሳት ጉልበታቸው ይፈቅድላቸው እንደሆነ፣ ዋና ይችሉ እንደሆነና ብርድ ያስቸግራቸው እንደሆነ ጠየቁን። በቀጠሯችን ዕለት ራኬት ሐይቅ ስንደርስም መደገፊያ ያለው መቀመጫ ጀልባው ውስጥ አስረው፣ ብርድ ልብስና በልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬት ይዘው ጠበቁን።

ጀልባው በአካባቢው «ጋይድቦት» የሚባለው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ መንገድ ባልነበረበት ጊዜ፣ አስጎብኚዎች እንግዳቸውንና ጓዙን ጭነው ከሐይቅ ሐይቅ የሚሻገሩበት፣ ውሃው ሲያልቅ ደግሞ በትከሻቸው የሚሸከሙት ስለነበር፣ ርዝመቱ 16 ጫማ ያህል ቢሆንም አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል። የጀልባውን ጎን ከውስጥ የሚይዙት ጎባጣ አጥንቶቹ የሚወጡት ስፕሩስ ከተባለው ዛፍ ጉቶና ሥር፣ በተፈጥሮው ከጎበጠበት ቦታ ተቆርጠው ነው። የእንጨቱ ጭረት ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ አጥንቱ ቀጭን ሆኖም በቀላሉ አይሰበርም። ይህን ስተረጉምላቸው አባቴ ጎንበስ ብለው አንዱን አጥንት ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «የእኛ ታንኳ እኮ ፀሐይ ላይ ቆሞ ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ይሄ ዕድለኛ ነው» አሉ። መሪያችን ገመድ መፍታታቸውን ትተው ታንኳው ስለሚሠራበት ደንገል አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በእጅ ምልክት ይግባቡ ስለነበር የእኔ አስተርጓሚነት እምብዛም አላስፈለገም።

ማሪዮን ወንዝን ሽቅብ ስንቀዝፍ እኔና ወንድሜ ካኑ በምትባል ቀጭን ጀልባ ከኋላ ነበርን። ወንዙ ለጀልባ የማይመችበት ላይ ሲደርስ ወደ ዩቶዋና ሐይቅ የሚያሻግር የእግር መንገድ አለ። በዚህ አንድ ማይል በማይሞላ ቦታ ላይ፣ ከእ.ኤ.አ. 1900 እስከ 1929፣ ከአንዱ የእንፋሎት ጀልባ ወርደው ወደ ሌላው የሚሄዱ መንገደኞችን የሚያመላልስ ባቡር ነበር። መሪያችን የእንጨት ቀንበሩን ትከሻቸው ላይ አሳርፈው ጀልባውን ገልብጠው ተሸከሙት። የሄዱት ግን በአባቴ እርምጃ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይም «እኔ ደክሞኛል» ብለው አሳረፉን። እንዳልደከማቸው ያስታውቅ ነበር።

ስንመለስ መቅዘፊያውን ለእኔ ሰጡኝ። እጀታዎቹ መሀል ላይ ስለሚደራረቡ አንዱን እጅ ከሌላው በላይ ማሳለፍ ያሻል። እኔ የጣቶቼን አንጓ ሦስት ጊዜ ካጋጨሁ በኋላ እንኳ ቅዝፊያውን አልነጠቁኝም። በዚሁ መሀል አባቴ ዛፉን እንዳይቆርጡ ማን ከለከላቸው ብለው ጠየቁ፤ በ1892 የተከለለውና 6 ሚሊዮን ኤከር ያህል በሚሆነው ፓርክ ውስጥ የመንግሥት የሆነው ደን ለዘላለም ዱር ሆኖ እንዲኖር በ1894 በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት መጻፉን ነገሯቸው።

በማግስቱ ወደ ሳጋሞር አብረውን መጡ። ዊልያም ዌስት ዱራንት በ1897 ሠርቶ የጨረሰው፣ በ1901 ለባለጸጋው አልፍሬድ ቫንደርቢልት የሸጠው ይህ የሐይቅ ዳር ማረፊያ፣ ቅርፊቱ ባልተላጠ ግንድ የተሠራ፣ የገጠር ጎጆ የሚመስል የሀብታም ቤት ነው። (የቦውሊንግ መጫወቻ ያለው ጎጆ ሌላ ቦታ ካያችሁ ንገሩኝ።) መሪያችን ግን ከዋናው አዳራሽ ይልቅ የሠራተኞቹ ግቢ ብዙ ጊዜ እንድንቆይበት አደረጉ፤ አንጥረኛ ቤቱን ካሳዩን በኋላ ወደ እንግዶቹ ቤት ስንመለስ በሮቹ ላይ ያለውን ብረት እየጠቆሙ የት እንደተቀጠቀጠ አስታወሱን።

ለምትሄዱ፦ ግንቦትና ሰኔ የምትናከስ ጥቁር ዝንብ የምትበዛበት ወቅት ስለሆነ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ቢሆን ይሻላል። በብዙ ቦታ ስልክ ስለማይሠራ ቀጠሯችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ የአረጋዊ ወላጅ ጤና ሁኔታም ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ዝግጅታቸው ሁሉ ከዚያ ይነሳልና። ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፤ እኔ ግን ስከፍል አልቆጨኝም።

አባቴ አገር ቤት ከገቡ በኋላ በደወሉ ቁጥር «ሰውየው ደህና ናቸው?» ይላሉ፤ ባሕር ዳር ከመጡም ታንኳ ላይ ራሳቸው እንደሚያስቀምጧቸው ንገርልኝ ብለውኝ ነግሬያቸዋለሁ።