የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፦ ሐዲዱስ አለ፣ ባቡሩ ይብዛልን

ከአያት ወደ ስታዲየም ስሄድ አሁንም ባቡሩን ነው የምመርጠው። ይሄን ቀድሜ የምናገረው ከታች ወቀሳ ስለሚበዛ ነው፣ ሰው ባቡሩን የጠላሁት እንዳይመስለው። በዚህች ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ተሠርተው ኪሱ ለሳሳ ሰው በቀጥታ ከደረሱት ነገሮች ቁጠር ብትሉኝ ከፊት አስቀምጠዋለሁ።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ሲቆም ባቡሩ በራሱ መስመር ይሄዳል። በሥራ መውጫ ሰዓት የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል። ሌላው የምወደው ወለሉ ነው። መሐል ላይ ዝቅ ያለ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከባድ ዘንቢል ይዘው ሲገቡ አየሁ። እግራቸውን ብዙም ሳያነሱ ነው የገቡት። አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ "እማማ፣ ይቀመጡ" አላቸው፣ መርቀውት ዘንቢሉን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። እኚህ እናት ሚኒባስ ቢይዙ ኖሮ በዚያ ጠባብ በር ጎንበስ ብለው፣ የሰው ጉልበት እየተሻገሩ፣ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ ነበር ኋላ ወንበር የሚደርሱት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው። መጀመሪያ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ያለው መስመር፣ ከዚያ ጥቅምት ላይ ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው። ሁለቱ ሲደመሩ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው፣ ጣቢያዎቹ 39። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው፣ ቀሪውን መንግሥት ሸፈነ። ሲጀምር ቲኬቱ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዕዳው በዶላር፣ ገቢው በብር። መለዋወጫውም በዶላር። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በአጭር ጊዜ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 አለፈ። ባቡሩ ላይ ምንም ሳይለወጥ፣ ያው ሐዲድ፣ ያው ጣቢያ እያለ፣ ዕዳው በብር ሲታሰብ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ይሄንን የቲኬት ገንዘብ ይሸፍነዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ልሸፍን ቢል ደግሞ እኚያ እናት አይሳፈሩበትም።

"ከስሯል፣ ሸክም ነው" የሚሉ ሰዎች አሉ። ቀለበት መንገዱ ዘንድሮ ስንት አተረፈ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። አስፋልት በሕዝብ ገንዘብ ሲሠራ አገልግሎት ነው ይባላል፣ ሐዲድ ሲሆን ግን ሒሳብ ይወራረድ ይባላል። ይሄ ልክ አይመስለኝም፣ ያውም መኪና የሌለው ሰው በሚበዛበት ከተማ።

በዚያ ብር ስንት አውቶቡስ ይገዛ ነበር የሚሉት ግን ቁም ነገር አላቸው። አውቶቡስ ቢበላሽ እዚሁ ጋራዥ ይገባል፣ መስመሩን መቀየር ይቻላል። ከ15 ዓመት በፊት ብንከራከር ምናልባት ያሳምኑኝ ነበር። አሁን ግን ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ድልድዩ ቆሟል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ተወጥሯል። የጎደለው የሚሄድበት ባቡር ነው። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ መለዋወጫ አጥተው እስከ መቆም ደርሰው እንደነበር ኃላፊዎቹ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ምረቃው ላይ ገንዘብ ነበረ፣ ጥገናው ላይ ጠፋ። ለአዲስ መስመርም ሆነ ለአዲስ ጥናት ከሚወጣው ብር በፊት የቆሙትን ማስነሳት ይቅደም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው የሚጓጓዘው በዚያ ነው፣ መንገዱም አንዴ ተከፍሎበታል።

ሌላው ጉድለት አጥሩ ነው። መስመሩ መሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፣ ፊት ለፊት የሚታይ ቤት ለመድረስ ዞሮ መሄድ ግድ ነው። ሲነደፍ እግረኛው በደንብ አልታሰበም። ይሄ የብር እጥረት አይደለም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁ፣ ለሐሳቡ ከ5 አምስት፣ ለአያያዙ ሁለት።

ለአዲስ ተሳፋሪ፦ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ከአያት መጥታችሁ ወደ ቃሊቲ ከሆነ ስታዲየም ላይ ቀይሩ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አውቶቡስ ተራ ከሆነ ልደታ ላይ። ለገሃርና ሜክሲኮ ላይ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት የትኛው መስመር እንደመጣ ጠይቁ፣ ሁለቱም እዚያ ይቆማሉ።